ምዕራፍ ሰባት፦ ቀለም ሳይቀቡ መለየት

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዲኤንኤ 4.4 ሚሊዮን ያህል የቤዝ ጥንዶች አሉት። ከእነዚህ ሁሉ አንዲቷ ብትለወጥ፣ ያውም ክፉ ቦታ ላይ ከሆነች፣ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋነኛ መድኃኒት ከንቱ ይቀራል። ቦታው በሚገባ የታወቀ ነው። አርፒኦቢ በሚባለው ጂን ላይ 450ኛው ኮዶን ቲ-ሲ-ጂ መሆኑ ቀርቶ ቲ-ቲ-ጂ ሲሆን፣ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ በሉሲን ይተካል። መድኃኒቱ የሚያርፍበት ስርጉድ ቅርጹ ይለወጣል፤ ባክቴሪያው ግን ሥራው አይስተጓጎልም። ታማሚው ኪኒኑን ሳያጓድል እየዋጠም ሳለ በሽታው አይለቀውም፤ አብረውት የሚኖሩትም ይጋለጣሉ።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይህን ለውጥ የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ነው። አክታው ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ ካርትሪጅ ውስጥ ይጨመራል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ቲቢ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል ወይ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ የደገፈው በ2010 መጨረሻ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርትሪጁ ውስጥ የሚሆነው ነገር ደስ ይላል። በመጀመሪያው የካርትሪጁ ስሪት፣ ለውጡ የሚፈለግበትን 81 ቤዝ ርዝመት ያለውን የአርፒኦቢ ጂን ክልል አምስት ፕሮቦች ተከፋፍለው ይሸፍኑታል። ፕሮቦቹ በ1996 ሳንጃይ ታያጊና ፍሬድ ክሬመር ኒው ዮርክ ውስጥ ያስተዋወቁት ዓይነት ናቸው። አጭር የዲኤንኤ ክር አንዱ ጫፉ ላይ የሚያበራ ቀለም፣ ሌላው ጫፉ ላይ ደግሞ ብርሃኑን የሚያፍን ሞለኪውል ይለጠፍበታል። ክሩ ታጥፎ ሳለ ጨለማ ነው፤ ተጓዳኙን አግኝቶ ሲዘረጋ ይበራል። አምስቱም ከበሩ ባክቴሪያው ለመድኃኒቱ ይበገራል ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ካልበራ ወይም በጣም ዘግይቶ ከበራ፣ በእሱ ክልል የሆነ ቤዝ ተቀይሯል። ማሽኑ ሚውቴሽኑን የሚያውቀው ሳይበራ በቀረ መብራት ነው።

ያ የሚያበራ ቀለም በሙያው መለያ ይባላል። ሞለኪውሎችን በዓይን ማየት ስለማይቻል፣ የሚታይ ነገር ለጥፈንባቸው የለጠፍነውን እንከተላለን። ኤድዊን ሳዘርን በ1975 ስሙን የያዘውን ዘዴ ሲያወጣ መለያው ጨረር አመንጪ ነበር፤ ዲኤንኤው የነበረበት ቦታ ፊልም ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። ኋላ በጨረሩ ምትክ ቀለም መጣ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ቀለሙን መለጠፍ ራሱን የቻለ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ቀለሙ በብርሃን ይጎዳል። ለማንበብም የብርሃን ምንጭ፣ ማጣሪያና መመርመሪያ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ታዲያ ዲኤንኤ ራሱ ክብደት አለው፤ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው፤ ብርሃን ያጣምማል፤ ሲጠጋጋ ይገፋፋል። ምንም ሳንለጥፍበት በገዛ ጠባዩ ብቻ መምጣቱን ማወቅ አይቻልም ወይ? መለያ አልባ ባዮሴንሰር የሚባለው ዘርፍ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የተወለደ ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እናጥራ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ዜናዎች አዘውትረው የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና። ሴንሰሩ ሚውቴሽን አየ ይባላል። አያይም። ሴንሰሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ገጹ ላይ ማረፉን ብቻ ነው። ትክክለኛውን ከተለወጠው የሚለየው ሌላ ነው፤ እሱም ገጹ ላይ የተተከለው ፕሮብ ነው።

ፕሮብ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ቤዝ የሚረዝም፣ በፋብሪካ የተሠራ ነጠላ ክር ነው። ከናሙናው የመጣው ክር ተጓዳኙ ከሆነ ይጣመራሉ፤ አዴኒን ከታይሚን በሁለት፣ ጓኒን ከሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር። አንዲት ቤዝ ካልገጠመች ግን ጥምረቱ ይላላል እንጂ አይቀርም። ፈሳሹን ብናሞቀው፣ ያልገጠመው ጥንድ ሙሉ በሙሉ ከገጠመው በጥቂት ዲግሪዎች ቀድሞ ይላቀቃል። መላው ሙያ የቆመው በእነዚያ ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ነው። ሙቀቱ ዝቅ ካለ ሁለቱም ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ከፍ ካለ ሁለቱም ይሄዳሉ። ያልገጠመችዋ ቤዝ ክሩ መሃል ላይ ከሆነች ጥምረቱን ክፉኛ ትጎዳዋለች፤ ጫፍ ላይ ከሆነች ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ነዳፊው የሚጠረጠረውን ቦታ መሃል ላይ ያውለዋል።

ከዚህ የረቀቀ ምርጫም አለ። ያንን 450ኛውን ኮዶን እንውሰድ። ለውጡ ከሳይቶሲን ወደ ታይሚን ነው። ያልተለወጠውን ቅጂ እንዲይዝ የተሠራ ፕሮብ በዚያ ቦታ ጓኒን ይኖረዋል። የተለወጠው ክር ሲመጣ እንግዲህ ጓኒን ከታይሚን ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ይህ ጥንድ ደግሞ ከማይገጥሙት ጥንዶች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ነው፤ ትንሽ ዘመም ብሎ በሁለት የሃይድሮጅን ትስስር ተመቻችቶ ይቀመጣል። ፕሮቡ ይታለላል። ነገር ግን ዲኤንኤ ሁለት ክር አለው። በሌላኛው ክር ላይ ያው ሚውቴሽን ከጓኒን ወደ አዴኒን የተደረገ ለውጥ ሆኖ ይገኛል፤ ያንን ክር የሚያጠምድ ፕሮብ ሳይቶሲን ስለሚይዝ አዴኒንና ሳይቶሲን ይፋጠጣሉ። እነዚህ በተለመደው የፈሳሽ አሲድነት እጅግ ደካማ ጥንድ ናቸው። በሽታውም፣ ሚውቴሽኑም፣ መሣሪያውም ያው ሆኖ፣ የትኛው ክር ይጠመድ የሚለው ውሳኔ ብቻ ጥሩ ምርመራን ከመጥፎው ይለየዋል። እኔ ከሴንሰሩ ይልቅ ይህ ውሳኔ ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ለፕሮቡ ረዳት ከሕዋስ መበደርም ይቻላል። ሕዋስ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ የሚሠራውን ስሕተት የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉት። ከእነሱ መካከል ሙትኤስ የሚባለው ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ ላይ ያልገጠመ ጥንድ ሲያገኝ እዚያው ይጣበቃል። አሜሪካዊው ፖል ሞድሪች ይህን የእርማት ሥርዓት በማብራራቱ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። ሙትኤስ ከዲኤንኤው ቁራጭ በብዙ እጥፍ የሚከብድ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ባልገጠመው ቦታ ላይ ሲያርፍ ክብደት የሚለካ ሴንሰር በቀላሉ ይሰማዋል።

ክብደት የሚለካው ሴንሰር ታሪኩ ረዥም ነው። ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ በ1880 ኳርትዝን የመሰሉ ድንጋዮች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ኳርትዝ ይርገበገባል። በ1959 ጀርመናዊው ጉንተር ሳወርብሬይ ገጹ ላይ ስስ ነገር ሲያርፍበት የርግብግቢቱ ድግግሞሽ ከክብደቱ ጋር በተመጣጠነ ሁኔታ እንደሚቀንስ በቀመር አስቀመጠ። በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 17.7 ናኖግራም ሲጨመርበት በ1 ሄርዝ ይዘገያል። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። በ1992 ጃፓን ውስጥ የዮሺዮ ኦካሃታ ቡድን ኳርትዝ ላይ የተተከለ ፕሮብ ከተጓዳኙ ጋር ሲጣመር በዚህ መንገድ እንደሚለካ አሳየ። ፈሳሽ ውስጥ ግን ሒሳቡ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም፤ ከዲኤንኤው ጋር የታሰረው ውሃም አብሮ ይመዘናል።

ብርሃን የሚጠቀመው ዘዴ ከሁሉም ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። 50 ናኖሜትር ያህል የሚወፍር የወርቅ ንጣፍ ከኋላው በአንድ የተወሰነ ማዕዘን ብርሃን ሲያርፍበት፣ ብርሃኑ ከመንጸባረቅ ይልቅ በወርቁ ኤሌክትሮኖች ይዋጣል። ማዕዘኑ ከወርቁ ማዶ፣ በጥቂት መቶ ናኖሜትር ውስጥ ባለው ነገር ይወሰናል፤ ዲኤንኤ ሲያርፍ ማዕዘኑ ይንሸራተታል። ስዊድን ሊንሾፒንግ ውስጥ ሊድበርግ፣ ናይላንደርና ሉንድስትሮም ይህን ለሴንሰርነት ያዋሉት በ1983 ነበር፤ በ1990 ቢያኮር የተባለው መሣሪያ ለሽያጭ ቀረበ። ዛሬ መድኃኒት የሚፈልጉ ላቦራቶሪዎች በብዛት ይገለገሉበታል፤ ከታማሚ አልጋ አጠገብ ግን አልደረሰም።

በ2000 ደግሞ ዙሪክ የሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራና የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሞከሩ። ግማሽ ሚሊሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ አንድ ማይክሮሜትር ብቻ የሆነ የሲሊከን ዘንግ አንድ ጫፉን አስረው አንድ ፊቱን በፕሮብ ሸፈኑት። ተጓዳኝ ክሮች ሲመጡ በአንድ ፊት በኩል መጨናነቅ ይፈጠርና ዘንጉ 10 ናኖሜትር ያህል ይጎብጣል። የ12 ቤዝ ክሮችን በአንዲት ቤዝ ልዩነት ለዩበት። ሥራቸው የሚነግረን ትልቅ ነገር ግን ሌላ ነው። የአንድ ዘንግ መጉበጥ ብቻውን ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ሙቀት ሲለዋወጥም፣ ፈሳሽ ሲቀየርም ይጎብጣል። ትርጉም ያገኘው ሌላ ፕሮብ ከተተከለበት ጎረቤት ዘንግ ጋር ሲቀናነስ ነው።

የመለያ አልባው ዘርፍ ዋና ሕመም ይኸው ነው። ሚዛን ጤፉንና አሸዋውን አይለይም፤ ሁለቱንም ኪሎ ብሎ ይቆጥራል። በአንድ ሊትር የደም ፕላዝማ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን አለ፤ ከዚያ ውስጥ ቅንጣቱ እንኳ ወርቁ ላይ ቢለጠፍ እንደ ዲኤንኤ ይቆጠራል። የሚያበራው ቀለም ያስከፍለን የነበረው ዋጋ ለካ በከንቱ አልነበረም። ፕሮቡ ሳይዘረጋ ቀለሙ አይበራም፤ ስለዚህ ቀለሙ ገጹ ላይ የደረሰው ነገር የምንፈልገው መሆኑን በራሱ የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ማስረጃ ነበር። ቀለሙን ስናነሣ ያንን ማስረጃ አብረን እናነሣለን፤ በምትኩ ማነጻጸሪያ ገጽ፣ ፕሮቲን የማይለጠፍበት ሽፋን፣ ደጋግሞ ማጠብ ውስጥ እንገባለን። የካንሰር ነገር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በደም ውስጥ የሚንሳፈፈው የዕጢ ዲኤንኤ ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ከሺህ አንድ ሊሆን ይችላል። ፕሮቡ ከሺሁ ጤነኛ ክሮች ጥቂቱን በስሕተት ቢይዝ እንኳ ምልክቱ ከእውነተኛው ጋር ይስተካከላል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ፊዚክስ ናቸው። ከኬሚስትሪ በኩል የመጣው መንገድ ከሁሉም ይቀድማል፤ የተጀመረውም ብርኖ ውስጥ ነው፣ ግሪጎር ሜንዴል በ1865 ስለ አተር ዝርያዎች ጥናቱን ባነበበባት የቼክ ከተማ። እዚያ በባዮፊዚክስ ተቋም ይሠራ የነበረው ወጣቱ ኤሚል ፓለቼክ በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ እንግዳ ጥያቄ ያዘ። የአገሩ ሰው ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ በ1922 ፖላሮግራፊ የሚባለውን ዘዴ ፈልስፎ ነበር፤ በሜርኩሪ ጠብታ ላይ ቮልቴጅ እየለዋወጡ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ነገር ኤሌክትሮን ሲቀበል ወይም ሲሰጥ መለካት። ለዚህም በ1959 ኖቤል አገኘ። ዲኤንኤ ግን በዚህ ዘዴ ምንም ምልክት የማይሰጥ ግዙፍ ሞለኪውል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ፓለቼክ ሞከረው፤ ምልክት ሰጠ። በ1960 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣው።

የበለጠ የሚያስገርመው ቀጥሎ ያየው ነው። ነጠላው ክርና ጥንዱ ክር የሚሰጡት ምልክት አንድ ዓይነት አልነበረም። ጥንዱ ክር ውስጥ ቤዞቹ ወደ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚቀመጡ ኤሌክትሮዱ አይደርስባቸውም፤ ዲኤንኤው ሲሞቅና ሁለቱ ክሮች ሲለያዩ ግን ይጋለጣሉ። የዲኤንኤን መለያየትና መልሶ መጣመር በአንድ የሜርኩሪ ጠብታ መከታተል ተቻለ፤ ያለ ቀለም፣ ያለ ጨረር። ዛሬ መለያ አልባ የምንለው ነገር ሁሉ በጽንስ ደረጃ እዚያ ነበር፤ ገበያው ግን ለአሥርት ዓመታት ዘወር ብሎ አላየውም።

ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ በካርቦን ኤሌክትሮድ ተተካ። ካርቦን ላይ ከአራቱ ቤዞች ኤሌክትሮኗን በቀላሉ የምትሰጠው ጓኒን ናት። ችግሩ ፕሮቡም ራሱ ጓኒን ይኖረዋል፤ ማን መጣ ማን ነበረ አይለይም። ጆሴፍ ዋንግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጠቀሙበት መላ ቀላልና ብልህ ነው። በፕሮቡ ውስጥ ያሉትን ጓኒኖች ሁሉ አውጥተው ኢኖሲን ተኩባቸው። ኢኖሲን እንደ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ይጣመራል፤ በጓኒን ቮልቴጅ ግን ኤሌክትሮን አይሰጥም። ከዚያ በኋላ የጓኒን ምልክት ከታየ የመጣው ከናሙናው ብቻ ነው።

ወደ ትራንዚስተር እንሂድ፤ እኔ የዘርፉ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሆላንዳዊው ፒት በርግፌልት በ1970 ትራንዚስተርን የሚቆጣጠረውን የብረት ክፍል አንሥቶ በቦታው ፈሳሽ አስገባ። ከዚያ ወዲያ ትራንዚስተሩን የሚያዘው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቻርጅ ሆነ። ዲኤንኤ ደግሞ ለእያንዳንዷ ቤዝ አንድ ፎስፌት፣ በእያንዳንዱ ፎስፌት ላይም ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል። ገጹ ላይ ሲያርፍ ትራንዚስተሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት መለወጥ አለበት። ወረቀት ላይ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ችግሩ ጨው ነው። ደምም ሆነ የላቦራቶሪ ፈሳሽ በጨው የተሞላ ነው፤ ፖዘቲቭ የሆኑት የጨው አዮኖች ዲኤንኤውን ይከቡትና ቻርጁን ይሸፍኑታል። በሰውነት ውስጥ ባለው የጨው መጠን፣ አንድ ቻርጅ ተጽዕኖው የሚሰማው ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ብቻ ነው። 20 ቤዝ የሚረዝም ጥንድ ክር ደግሞ 7 ናኖሜትር ገደማ ይቆማል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ከእግሩ በቀር ምንም አይሰማም። ታዲያ ጨውን አንቀንስም? መቶ ሃምሳ እጥፍ ብናቀጥነው ርቀቱ ወደ 10 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ዲኤንኤው ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን ሁለቱ ክሮች ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው፤ ሳይገፋፉ እንዲጣመሩ የሚያስችላቸው ያው ጨው ነበር። ለሴንሰሩ የሚመቸው ፈሳሽ ለጥምረቱ አይመችም፤ ለጥምረቱ የሚመቸው ሴንሰሩን ያደነቁረዋል።

ከዚህ አጣብቂኝ አንዱ መውጫ ኮፐንሃገን ውስጥ ተገኘ። ፒተር ኒልሰንና ባልደረቦቹ በ1991 ፒኤንኤ የሚባል ሰው ሠራሽ ሞለኪውል አስተዋወቁ። ቤዞቹ የዲኤንኤ ናቸው፤ ቤዞቹን የሚይዘው የጀርባ አጥንት ግን ቻርጅ የለውም። ስለዚህ ያለ ጨውም ከዲኤንኤ ጋር ይጣመራል፤ አንዲት ቤዝ ሳትገጥም ስትቀርም ከተለመደው ፕሮብ ይበልጥ ይላላል። በ2004 ሃርቫርድ ውስጥ ሃህምና ቻርልስ ሊበር ፒኤንኤን በናኖሜትር የሚለካ ቀጭን የሲሊከን ሽቦ ላይ ተክለው፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን የሳንባ ሕመም የሚያመጣውንና ሦስት ቤዝ የጎደለበትን ጂን ከጤነኛው ለዩበት፤ በአሥር ፌምቶሞላር አካባቢ በሆነ ክምችት።

ሌላው መውጫ ዲኤንኤውን ራሱን ማዳመጥ መተው ነው። ኢንዛይም አንዲት ቤዝ በክሩ ላይ በቀጠለ ቁጥር አንድ የሃይድሮጅን አዮን ይለቃል፤ ይህ አዮን ነጻ ስለሆነ ትራንዚስተሩ ጋ ይደርሳል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሚገኘው ክሪስ ቱማዙ፣ የፕሮቡ ጫፍ ላይ ያለችው ቤዝ ከገጠመች ብቻ ኢንዛይሙ እንዲቀጥል፣ ካልገጠመች ግን እንዲቆም አድርጎ ሚውቴሽንን ወደ አሲድነት ለውጥ ቀየረው። አዮን ቶረንት የተባለው የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽንም በዚሁ መርሕ ይሠራል። በጥቃቅን ቀዳዳ ዲኤንኤን እያሳለፉ ከረንቱ ሲዋዥቅ የሚያነቡት መሣሪያዎችም መለያ አልባ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ፣ በእጅ የሚያዘው ሚንአየን፣ በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላን ቫይረስ ዲኤንኤ ቅጂ ለማንበብ አገልግሏል። እነሱ ግን የራሳቸው ምዕራፍ ይገባቸዋል።

የመጨረሻው እርምጃ ፕሮቡን ራሱን መቀየር ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኪያና አራን የመራችው ቡድን በ2019 ካስ9 የተባለውን ፕሮቲን፣ አንድ አቶም ብቻ በሚወፍር የካርቦን ንጣፍ፣ ማለትም በግራፊን ላይ ተከለ። ካስ9 20 ቤዝ ያህል ርዝመት ባለው መሪ አርኤንኤ እየታዘዘ ጥንዱን ክር ራሱ ከፍቶ ይፈልጋል፤ ዲኤንኤውን አሙቆ መለያየት አያስፈልግም። ቡድኑ ዱሼን በተባለው የጡንቻ ሕመም ላይ የጎደለውን የጂን ክፍል ዲኤንኤውን ፒሲአር በተባለው የማባዣ ዘዴ ሳያባዛ በ15 ደቂቃ አገኘ፤ የዘገበውም የመለየት አቅም 1.7 ፌምቶሞላር ነው። በ2021 ወደ አንዲት ቤዝ ወረዱ፤ ሲክል ሴል በተባለው የደም ሕመም ውስጥ ጂ-ኤ-ጂ ወደ ጂ-ቲ-ጂ የሚለወጥበትን ቦታ ለዩ። እዚህም ቢሆን ግራፊኑ የሰማው መድረሱን ነው፤ የለየው ካስ9 ነው።

ይህን 1.7 ፌምቶሞላር ወደ ቁጥር እንቀይረው፤ ማስታወቂያ ሁሉ የሚለካው በእንዲህ ያለ ሒሳብ ነው። በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ሞለኪውል ማለት ነው። የአንድ ጤነኛ ሰው አንድ ሚሊሊትር ደም 5 ሚሊዮን ያህል ነጭ የደም ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ስለሚይዝ 10 ሚሊዮን ቅጂ። ከገደቡ በላይ ነው፤ በዘር የሚተላለፍ ሚውቴሽን እንግዲህ ሳይባዛ ሊገኝ ይችላል። አሁን ወደ ቲቢ እንመለስ። በማይክሮስኮፕ ለመታየት አክታ በአንድ ሚሊሊትር ከ5 እስከ 10 ሺህ ባክቴሪያ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ታማሚ ከዚያም በታች ነው። ከገደቡ ቢያንስ መቶ እጥፍ ያንሳል። ለዚህ ነው ጂን ኤክስፐርት ዲኤንኤውን እያባዛ የሚያበራው፤ ግራፊን ቀለሙን ሊተካ ይችል ይሆናል፣ ማባዛቱን ግን አይተካም።

ሲክል ሴል የሴንሰር ሠሪዎች መፈተኛ የሆነው አዲስ ምርመራ ስላስፈለገው አይመስለኝም። ሊነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 የሞለኪውል በሽታ ብለው ሰይመውታል፤ ሚውቴሽኑ አንድ፣ ቦታውም የታወቀ ነው፤ ለማሳያ ይመቻል። ሕመሙን ግን ሄሞግሎቢኑን አይቶ በርካሽ መለየት ይቻላል፤ ዲኤንኤ ማንበብ ግድ አይደለም። ለመለያ አልባ ምርመራ የበለጠ የሚያስፈልግ ቦታ ቢፈለግ እኔ ወባን እጠቁማለሁ።

በኢትዮጵያ የፋልሲፓረም ወባ ውስጥ ኬልች13 በሚባለው ጂን 622ኛው ኮዶን ላይ አርጂኒን በአይሶሉሲን የሚተካበት ሚውቴሽን አለ፤ መድኃኒታችን የተመሠረተበት አርቴሚሲኒን በፍጥነት እንዳይሠራ ከማድረግ ጋር ይያያዛል። በ2023 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት ከ609 የኢትዮጵያ ታማሚዎች በ8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ይህን ሚውቴሽን ፕሮቲን በማየት ማወቅ አይቻልም፤ ዲኤንኤው መነበብ አለበት። ቁጥሩም ይመቻል። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አንድ ሺህ የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን ያሉበት ታማሚ በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ቅጂ ይዟል፤ ልክ ገደቡ ላይ ነው። ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው በማይክሮሊትር ብዙ ሺህ ቢኖረው እንግዳ አይደለም።

ለውጡ ኤ-ጂ-ኤ ወደ ኤ-ቲ-ኤ ነው። በአንደኛው ክር በኩል የፕሮቡ ሳይቶሲን ከታይሚን ጋር ይፋጠጣል፤ ደካማ ጥንድ ነው፣ የሚጠመደውም ይህ ክር ነው። በሌላው በኩል ጓኒን ከአዴኒን ይገናኛል፤ እሱ ይበረታል። እስከዚህ ጥሩ ነው። የፋልሲፓረም ዲኤንኤ ግን 80 በመቶ ያህሉ አዴኒንና ታይሚን ነው፤ በሁለት ትስስር ብቻ የሚያያዙት። ክሮቹ ላላ ስለሚሉ ፕሮቡ መርዘም አለበት፤ ፕሮቡ በረዘመ ቁጥር የአንዲት ቤዝ አለመግጠም የሚያመጣው ልዩነት ይሳሳል። ፒኤንኤ ይህንን በከፊል ይፈታዋል፤ ሲያጥርም ጠንክሮ ይይዛልና። ካስ9 ግን ሌላ ጣጣ አለበት፤ ለመሥራት ከሚፈልገው ቦታ አጠገብ ሁለት ጓኒን ተከታትለው እንዲገኙ ይሻል፤ በዚህ ጥገኛ ዲኤንኤ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። ካስ12ኤ የሚባለው ዘመዱ የሚፈልገው የታይሚን ድርድር ስለሆነ ከወባው ጋር የሚስማማው እሱ ነው። ከዚያ የሚቀረው ደሙን በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ያለ ትልቅ ማሽን፣ ከሄሞግሎቢኑና ከፕሮቲኑ አጥርቶ ዲኤንኤውን ብቻ ወደ ግራፊኑ ማድረስ ነው።